ሶቅራጥስ በ30 ድምፅ

ስለ ሶቅራጥስ አሟሟት ሲነሳ የሚነገረው ባጭሩ ነው፤ ጥያቄ የሚያበዛ ሽማግሌ ነበር፣ አቴናውያን ሰለቹት፣ መርዝ አጠጡት። ሐሰት የለበትም። ግን ፍርዱ ለምን በዚያ መልክ እንደወጣ አያስረዳም። ከ500 ዳኞች 220ው «ጥፋት የለበትም» ብለው ነበር። ሠላሳ ሰው ብቻ ወደ ሌላው ወገን ቢያዘነብል ኖሮ ሽማግሌው የዚያን ዕለት ማታ ቤቱ ያድር ነበር። ነገሩን ያካረረው ስለ ፍልስፍናው የሚጽፉ ሰዎች ቶሎ ዘለውት የሚያልፉት የችሎቱ ሥነ ሥርዓት ነው። ስለ ነፍስ ዘላለማዊነት ማንበብ የፈለገ ሌላ ቦታ ይፈልግ፤ እዚህ የምናወራው ስለ ድምፅ ቆጠራ፣ ስለ ውሃ ሰዓትና ስለ ቅጣት አወሳሰን ነው።

መጀመሪያ ስለ ምንጮቹ። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 399 ነው፤ ሶቅራጥስ 70 ዓመቱ። ራሱ የጻፈው አንድ መስመር እንኳ የለም። ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ ችሎቱ ላይ ነበር፤ «አፖሎጊያ» በተባለው ጽሑፉ፣ ማለትም በመከላከያ ንግግሩ ውስጥ፣ የራሱን ስም ሁለት ጊዜ ያነሳል። ሌላው ደቀ መዝሙር ዜኖፎን ግን በዚያን ወቅት ከግሪክ ቅጥር ወታደሮች ጋር እስያ ነበር፤ የጻፈው ሄርሞጌኔስ ከተባለ ወዳጅ የሰማውን ነው። ዲዮጌኔስ ላኤርቲዮስ ደግሞ ከ600 ዓመት በኋላ መጥቶ የተባለውን ሁሉ የለቃቀመ ሰው ነው፤ ስንዴውም እንክርዳዱም አንድ ጎተራ ውስጥ ነው ያለው። በግእዙ መጽሐፈ ፈላስፋ የምናውቀው ሶቅራጥስ በአረብኛ በኩል የመጣ ምክር ሰጪ ጠቢብ ነው፤ ከዚህ ተከሳሽ ጋር ስም ይጋራሉ እንጂ ብዙም አይተዋወቁም።

በአቴንስ ዐቃቤ ሕግ የሚባል መሥሪያ ቤት አልነበረም። ከተማይቱን የሚመለከት በደል ተፈጽሟል ብሎ ያመነ ማንኛውም ዜጋ በራሱ ስም ይከስሳል። የሶቅራጥስን ክስ ያቀረበው ሜሌጦስ የተባለ ወጣት ነው፤ ከጎኑ አኒጦስና ሊቆን ቆመዋል። ከሦስቱ ክብደት ያለው አኒጦስ ነበር። ቆዳ ፋቂና ነጋዴ፣ የጦር አዛዥም የነበረ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ403 ከተማይቱን ይዘው የነበሩትን አምባገነኖች አባሮ ዴሞክራሲውን ከመለሰው ወገን አንዱ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከሳሹ ምስክሮች ይዞ ተከሳሹን ፊት ለፊት ያገኘዋል፤ «በዚህ ቀን ቀርበህ መልስ ስጥ» ይለዋል። ከዚያ ሁለቱም «ንጉሥ» ተብሎ ወደሚጠራው ሹም ይሄዳሉ። ንጉሥ የሚለው ከጥንት የቀረ ስም ብቻ ነው፤ ሰውየው በዕጣ ለአንድ ዓመት የሚሾም፣ የሃይማኖት ጉዳዮችን የሚያይ ባለሥልጣን ነው። ቢሮው በገበያው አደባባይ፣ በአጎራ ዳር ያለች ትንሽ አዳራሽ ነበረች፤ በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተቆፍራ ወጥታለች። ሹሙ ሁለቱንም ይጠይቃል፣ ያስምላል፣ ክሱ ለችሎት ይገባዋል ካለ ቀን ይቆርጣል። እሱ ራሱ ግን አይፈርድም።

የክሱ ቃል ተጠብቆልናል። ሜሌጦስ ሶቅራጥስን ይከሳል፤ ከተማይቱ የምታመልካቸውን አማልክት ባለመቀበሉና ሌሎች አዳዲስ መለኮታዊ ነገሮችን በማስገባቱ በድሏል፤ ወጣቶችን በማበላሸቱም በድሏል፤ ቅጣቱ ሞት። ያ ነው፤ ከዚህ አይረዝምም። የጎደለውን ልብ በሉ። ስለ ፖለቲካ አንዲት ቃል የለችም። ከአምስት ዓመት በፊት ሠላሳዎቹ አምባገነኖች ከተማይቱን ይዘው ሰው ሲያርዱ መሪያቸው ክሪቲያስ ነበር፤ እሱም ከሶቅራጥስ ጋር ይውል የነበረ ሰው ነው። አቴንስን ለጠላት የከዳው አልኪቢያዴስም እንዲሁ። በ403 የታወጀው ምሕረት ግን ያለፈውን በደል አንስቶ መክሰስን ከልክሏል፤ ይህን አዋጅ ካጸኑት ሰዎች አንዱ ራሱ አኒጦስ ነው። ስለዚህ የሃይማኖት ክስ ለከሳሾቹ የተሻለ በር ነበር። ከ54 ዓመት በኋላ አይስኪኔስ የተባለ ተናጋሪ በሌላ ችሎት ላይ ቆሞ፣ «ክሪቲያስን ስላስተማረ ሶቅራጥስን ገደላችሁት» ሲል ያን ሁሉ ሰው ፊት ማንም እንደ እንግዳ ነገር አልቆጠረውም።

አሁን ወደ ዳኞቹ። በየዓመቱ ዕድሜያቸው ከ30 ያለፈ 6000 ዜጎች በዕጣ ይመረጡና ይምላሉ፤ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የሚያስፈልገው ቁጥር ከእነሱ ይወጣል። የቀን አበላቸው 3 ኦቦል ነው። 6 ኦቦል አንድ ድራክማ ነው፤ አንድ ድራክማ ደግሞ በዚያ ዘመን የሠለጠነ ግንበኛ የቀን ደሞዝ ነበር። የግንበኛን ግማሽ ለማግኘት ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሚሆን መገመት አይከብድም፤ የኮሜዲ ጸሐፊው አሪስቶፋኔስ በእነዚህ ሽማግሌ ዳኞች ላይ ሲቀልድ ኖሯል። ሕግ የሚያብራራላቸው ዳኛ የለም፤ ተሰብስበው መመካከር የለም፤ ይግባኝም የለም። ሰምተው፣ ተነሥተው፣ ድምፃቸውን ጥለው ይሄዳሉ።

ጠበቃም የለም። እንደ እኛ በላ ልበልሃ ባለጉዳዩ ራሱ ቆሞ ይሟገታል። የሚቻለው ንግግር ጸሐፊ ቀጥሮ መሸምደድ ነበር። የዘመኑ አንደኛ ንግግር ጸሐፊ ሊሲያስ ለሶቅራጥስ አንድ ጽፎለት ነበር ይባላል፤ ሶቅራጥስ አንብቦ «ያምራል፤ ለእኔ ግን አይሆንም» ብሎ መለሰለት። ታሪኩ ከላኤርቲዮስ ጎተራ ስለሆነ በጥንቃቄ ያዙት፤ ጠባዩን ግን በደንብ ይመስላል።

ጊዜው የሚለካው በውሃ ነው። በአጎራ ቁፋሮ ከተገኙት ዕቃዎች ሁሉ ይህን ችሎት በዓይን የሚያሳይ እንደ ውሃ ሰዓቱ የለም። ተራ የሸክላ ገንቦ ነው፤ ከግርጌው አጠገብ ቀጭን የነሐስ ቱቦ ገብቶበታል፤ ከአፉ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ አለው። ላይኛው ቀዳዳ ጌጥ አይደለም። ውሃው እዚያ ሲደርስ ስለሚፈስ ገንቦው ሁልጊዜ እኩል ይሞላል፤ ውሃ ቀጂው ለወዳጁ አንድ ስኒ መጨመር አይችልም። በላዩ ላይ መጠኑ ተጽፎበታል፤ ሁለት «ኩስ»፣ በእኛ 6.4 ሊትር ገደማ። አንድ ሙሉ ገንቦ ለመፍሰስ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል። ውሃው ሲጎድል ግፊቱ ይቀንሳል፤ መጀመሪያ ራቅ ብሎ የሚወረወረው ፍሰት እየቀረበ ይመጣና በመጨረሻ የገንቦውን ሆድ ይዞ ይንጠባጠባል። ተናጋሪው ያን እያየ ነው ንግግሩን የሚጠቀልለው። ረጅም ጉዳይ ሲሆን ገንቦው እየተሞላ ይቀጥላል። በእንዲህ ያለ የከተማ ክስ ቀኑ ለሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ለከሳሽ፣ አንዱ ለተከሳሽ፣ ጥፋተኛ ከተባለ ሦስተኛው ለቅጣት ክርክር። ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃል። ሶቅራጥስ ለዳኞቹ ያቀረበው ቅሬታ ይኸው ነበር፤ በሌሎች አገሮች እንዳለው የሞት ጉዳይ ብዙ ቀን ቢሰጠው ኖሮ፣ ለዓመታት የተከማቸውን ስም ማጥፋት በአንድ ጀንበር እንዲያፈርስ ባልተጠየቀም ነበር። ስም ማጥፋት ያለው በ423 ለመድረክ የበቃውን የአሪስቶፋኔስን ኮሜዲ ነው፤ ዳኞቹ ሶቅራጥስን በቅርጫት ተንጠልጥሎ ሰማይ ሲመረምር ያዩበትን።

ንግግሩ ራሱ ለሙግት እንዲመች ተብሎ የተዘጋጀ አልነበረም። ሕጉ ተከሳሽ ከሳሹን እንዲጠይቅ፣ ከሳሹም እንዲመልስ ስለሚያስገድድ ሜሌጦስን አቁሞ አፋጠጠው። «ወጣቶችን የሚያሻሽላቸው ማነው?» ሜሌጦስ ሕጎቹ አለ፤ ከዚያ ዳኞቹ፣ ከዚያ ምክር ቤቱ፣ በመጨረሻ አቴናውያን ሁሉ። «ከእኔ በቀር?» «አዎ፣ ከአንተ በቀር።» በፈረስ ላይም እንዲህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ሰው ሁሉ ፈረስ ያሠለጥናል፣ አንድ ሰው ብቻ ያበላሻል? እንደ ሙግት ግሩም ነው፤ እንደ ችሎት ንግግር ግን አደገኛ። ሜሌጦስ ተሸነፈ፣ የተሳለቀበት ግን ዳኞቹን ሲያሞግስ በነበረው ሰው ላይ ነው። ሦስት ወንዶች ልጆቹንም አላመጣም። ሚስትና ልጅ አቅርቦ ማስለቀስ የተለመደ ነበር፤ ከዳኞቹ ብዙዎቹ በራሳቸው ጉዳይ አድርገውታል፤ እሱ ግን ይህን በግልጽ አንስቶ «እኔ አላደርገውም» አላቸው። የለመዱትን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ መከልከሉን ፊት ለፊት መንገር ሌላ።

ያው ሰሞን አንዶኪዴስ የተባለ ሰው በተመሳሳይ የሃይማኖት ክስ ቀርቦ ነበር። በአማልክት ጉዳይ ያለበት እድፍ ከሶቅራጥስ በእጅጉ የከፋ ነው። ሰነድ አስነበበ፣ ምስክር ጠራ፣ ቤተሰቡ ለከተማይቱ የዋለውን ውለታ ቆጠረ፣ በመጨረሻም ትልልቅ ሰዎች ተነሥተው እንዲናገሩለት በስም ጠራ። ከተጠሩት አንዱ አኒጦስ ነው፤ አዎ፣ ያው አኒጦስ። አንዶኪዴስ ነጻ ወጣ።

የድምፅ አሰጣጡን ብዙዎች ያምታቱታል። በሙዚየም የሚታዩት መካከላቸው ዘንግ ያለባቸው የነሐስ ክቦች፣ ዘንጉ ቀዳዳ የሆነው ለከሳሽ፣ ድፍኑ ለተከሳሽ፣ አርስቶትል በ4ኛው ክፍለ ዘመን የገለጸው አሠራር ናቸው። ሁለቱን የዘንግ ጫፎች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከያዝከው የትኛውን እንደምትጥል ጎረቤትህ አያይም፤ ብልሃቱ እዚያ ላይ ነው። የቆየው ልማድ ጠጠር ነው፤ ለእያንዳንዱ ዳኛ አንድ ጠጠር፣ ሁለት ገንቦ፣ አንዱ የመፍረጃ ሌላው የነጻ።

ውጤቱን በቁጥር የሚነግረን የፕላቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ 30 ድምፅ ቢዛወር ኖሮ ነጻ እወጣ ነበር ይላል ሶቅራጥስ። በ500 ዳኞች ካሰላነው 280 ለ220 ይሆናል። 30ው ሲዛወር 250 ለ250፤ እኩል ከሆነ ደግሞ ሕጉ ለተከሳሽ ይፈርዳል። ወዲያው ቀጥሎ አንድ ቀልድ ይጨምራል፤ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ ሳያየው ያልፋል። ከሳሽ ከድምፁ አንድ አምስተኛ ካላገኘ 1000 ድራክማ ይቀጣል፤ ሰው ያለ ነገር እንዳይካሰስ የተደረገ መያዣ ነው። ሶቅራጥስ ሦስቱ ከሳሾች ድምፁን ተካፍለውታል ብሎ ያስባል፤ አኒጦስና ሊቆን ባይነሱ ሜሌጦስ 1000ውን ይከፍል ነበር ይላል። አስሉት፤ 280 ለሦስት ሲካፈል 93 ነው፣ የ500 አምስተኛ ደግሞ 100። ሞት ከፊቱ ቆሞ ሰውየው የቀልዱን ሒሳብ እንኳ አላዛነፈም። ላኤርቲዮስ የሚሰጠው 281 ከዚህ ጋር ስለሚቀራረብ ለቁጥሩ ድጋፍ ይሆናል።

ሁሉም ነገር የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ለእንዲህ ያለው ክስ ሕጉ የተወሰነ ቅጣት አላስቀመጠም። ከሳሹ አንድ ቅጣት ያቀርባል፤ ተከሳሹ በፋንታው ሌላ ያቀርባል፤ ዳኞቹ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። መሐል ላይ ማረፍ አይፈቀድም፤ «ሁለቱም አይሆንም፣ ይህን ያህል ይቀጣ» የሚል ድምፅ የለም። አሠራሩ ሁለቱም ወገኖች ወደ መሐል እንዲጠጉ ያስገድዳል። ከሳሽ በጣም ካጋነነ ዳኞቹ የተከሳሹን ቀላል ቅጣት ይወስዳሉ፤ ተከሳሽ በጣም ካቀለለ ደግሞ የከሳሹን። ለሶቅራጥስ የሚጠበቀው መልስ የታወቀ ነበር፤ ስደት። ስደት ቢጠይቅ ከተማይቱ ትፈቅድለት እንደነበር ፕላቶ «ክሪቶ» በተባለው ጽሑፉ በግልጽ ጽፏል። አኒጦስም ለዳኞቹ የነገራቸው ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፤ ይህ ሰው መጀመሪያውኑ እዚህ ባይቀርብ ይሻል ነበር፣ ከቀረበ ግን ካልሞተ አይሆንም። ይህን ሳነብ የሚታየኝ ሸሽቶ እንዲሄድላቸው የተመኙ ሰዎች ናቸው።

ሶቅራጥስ ግን የሚገባኝ በከተማይቱ ወጪ በፕሪታኔዮን መመገብ ነው አለ። ፕሪታኔዮን የኦሎምፒክ አሸናፊዎች በክብር የሚበሉበት የከተማው ማዕድ ቤት ነው። ቀጥሎ፣ መክፈል የምችለውን ካላችሁ አንድ ሚና አለ፤ 100 ድራክማ። በዚህ ጊዜ ወዳጆቹ ፕላቶ፣ ክሪቶ፣ ክሪቶቡሎስና አፖሎዶሮስ ወደ 30 ሚና ከፍ እንዲያደርገው ገፋፉት፤ ዋስ ሆኑለትም። 30 ሚና 3000 ድራክማ ነው፤ ግንበኛ አንድ ቀን ሳያርፍ ከስምንት ዓመት በላይ የሚሠራበት። ሶቅራጥስ ቤቱን ጨምሮ ያለው ሀብት ሁሉ 5 ሚና እንደሚሆን ዜኖፎን ጽፏል። ስለዚህ የመጨረሻው ሐሳብ የሚናቅ አልነበረም። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ግብዣ፣ ቀጥሎ ሳንቲም፣ በመጨረሻ ትልቁ ገንዘብ። 30ው ሲጠራ የሰሚው ጆሮ በፕሪታኔዮኑ ተዘግቷል። ዜኖፎን ደግሞ ቅጣት ማቅረብ ጥፋትን ማመን ነው ብሎ ጭራሽ አላቀረበም ይላል። እዚህ ላይ ፕላቶን አምናለሁ፤ የራሱን ስምና የራሱን ገንዘብ ያስያዘበትን ነገር በዚያ ስፍራ የነበሩ ብዙ ሰዎች እያሉ ፈጥሮ መጻፍ ይከብዳል።

በሁለተኛው ድምፅ ለሞት የቆመው በ80 ሰው እንደጨመረ ላኤርቲዮስ ይናገራል፤ 360 ለ140 ማለት ነው። ቁጥሩ እውነት ከሆነ ጥፋተኛ አይደለም ያሉ 80 ሰዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሙት ብለዋል። ፕላቶ የሁለተኛውን ቆጠራ አይነግረንም፤ ለ80ው ያለን ምስክር ያ ጎተራ ብቻ ነው። የአሠራሩን ጠባይ ለሚያውቅ ግን የማይሆን ነገር አይደለም።

አብዛኛውን ጊዜ ቅጣቱ ወዲያው ይፈጸማል። ሶቅራጥስን አንድ ወር ያቆየው የመርከብ ጉዳይ ነው። አቴናውያን የተረት ጀግናቸው ቴሴዎስ ሚኖታውሮስ ከተባለው ጭራቅ ስላመለጠ በየዓመቱ ወደ ዴሎስ ደሴት መርከብ ይልካሉ፤ የአፖሎን ካህን የመርከቧን ኋላ በአክሊል ካስጌጠበት ሰዓት ጀምሮ እስክትመለስ ድረስ በከተማይቱ ማንም በፍርድ አይገደልም። አክሊሉ የታሰረው ከችሎቱ አንድ ቀን በፊት ነበር። በንፋሱ ምክንያት ጉዞው ረዘመ፤ ዜኖፎን 30 ቀን ይላል። እስረኛው በዚያ ጊዜ የኤሶጵን ተረቶች በግጥም ሲያዘጋጅ ቆየ። ክሪቶ ዘበኛውን በስጦታ ለምዶት ስለነበር መውጫውን አመቻችቶ መጣ፤ በቴሳሊያም የሚቀበሉት ሰዎች ነበሩ። እሺ አላለም።

መርዙን ፕላቶ «ፌዶን» በተባለው ጽሑፉ ስሙን አይጠራውም፤ «መድኃኒት» ብቻ ይለዋል። ያዘጋጀው ሰው በክሪቶ በኩል ያስጠነቅቃል፤ ብዙ አታውራ፣ የሚሞቀው ሰው ደግሞ መጠጣት ይኖርበታል። ሶቅራጥስ «ይተወው፤ ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ያዘጋጅ» አለ። ጠጥቶ እግሩ እስኪከብድ ተመላለሰ፣ ከዚያ ተኛ። ሰውየው እግሩን ጨመቅ አድርጎ ይሰማሃል ወይ አለው፤ አይሰማኝም። ከዚያ ባቱን፤ እንዲህ እያለ ወደ ላይ። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ይህን አላመኑትም፤ መንቀጥቀጥና ማስመለስ ነበረበት፣ ፕላቶ አሳምሮ ጻፈው ይሉ ነበር። ስህተቱ በከፊል ከስም የመጣ ነው። ሮማውያን ለዚህ ተክል የሰጡት ስም በኋላ ለሌላ ረግረግ የሚወድ ተክል ተሰጠ፤ ያኛው ነው የሚያንቀጠቅጠው። የግሪኩ ተክል፣ ኮኒየም ማኩላተም፣ ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን መንገድ ይዘጋል። ሽባነቱ ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ አእምሮ ግን ግልጽ ሆኖ ይቆያል፤ ሞቱ የሚመጣው የመተንፈሻ ጡንቻ ሲቆም ነው። ስለዚህ በመጨረሻ ቃሉ፣ ለፈውስ አምላኩ ለአስክሌፒዮስ ያለብንን የዶሮ ዕዳ ክፈል ብሎ ክሪቶን አደራ ማለቱ ከሕክምናው ጋር ምንም አይጋጭም። የዶሮው ትርጉም ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ እዚህ አልነካውም።

አቴናውያን ወዲያው ተጸጽተው ሜሌጦስን ገደሉት የሚለውን ግን አልቀበልም። ፕላቶ አይለውም፤ ስለ አኒጦስ ልጅ ጠጪነት ሳይቀር የጻፈው ዜኖፎንም አይለውም። ይልቁንም ከሞቱ በኋላ ፖሊክራቴስ የተባለ ሰው በአኒጦስ ስም የክስ ንግግር ጽፎ አሰራጨ። በችሎቱ የተነገረ አለመሆኑ የተያዘው ንግግሩ የጦር አዛዡ ኮኖን ያሠራውን ግንብ ስለሚጠቅስ ነው፤ ያ ግንብ ደግሞ ሶቅራጥስ ከሞተ ወደ ስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው የተሠራው።

የወህኒ ቤቱ አሠራር ብዙ ሳይለወጥ እንደቆየ የሚያሳይ አንድ ነገር የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ ትቶልናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ318 ሽማግሌው ጄኔራል ፎኪዮን ከጓደኞቹ ጋር ሞት ተፈረደበት። ሌሎቹ ሲጠጡ ለእሱ አልተረፈም። የወህኒው ሰው 12 ድራክማ ካልተከፈለኝ ሌላ አላዘጋጅም ብሎ ቆመ። ፎኪዮን ከወዳጆቹ አንዱን ጠርቶ፣ በአቴንስ ሰው በነጻ መሞት እንኳ ካልቻለ ለዚህ ሰው ገንዘቡን ስጠው አለው።